የውሾችን አካል ወደ ጤንነት የመመለስ ሙያ፤ ትምህርቱም እንዴት እንደሚመረጥ

ማናቸውም ሙያ የሚመዘነው በባለሙያው እጅ በሚታየው ሥራ እንጂ በግድግዳ ላይ በሚሰቀለው ወረቀት አይደለም። ይህ ነገር ለእርሻም፥ ለግንብ ሥራም፥ ለሕክምናም እውነት ነው፤ ይልቁንም ታካሚው አፍ አውጥቶ «እዚህ ላይ ያመኛል» ለማለት በማይችልበት በእንስሳት ሕክምና እውነትነቱ ይበረታል። ከእንስሳት ሕክምና ቅርንጫፎች አንዱ፥ የተጐዳ ወይም በቀዶ ሕክምና የታከመ ውሻ እንደ ቀድሞው እንዲሄድ፥ እንዲሮጥና እንዲያገለግል የማድረግ ሙያ ነው። ሙያው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአሜሪካና በአውሮፓ አገሮች እጅግ ስለ ተስፋፋ፥ የሚያስተምሩትም ቤቶች በዝተዋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ተማሪውን በሕያው ውሻ ላይ እጁን እያስያዙ ያሠለጥኑታል፤ አንዳንዶቹም ገንዘቡን ተቀብለው ወረቀት ብቻ ሰጥተው ያሰናብቱታል።

እንግዲህ አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም «ይህን ትምህርት ልማር፥ ፈቃድና ወጪ ይሰጠኝ» ብሎ ወደ አለቃው ማመልከቻ ባቀረበ ጊዜ፥ የሚፈቅደው ሹም ወይም ወጪውን የሚችለው ባለ ሀብት ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚገባው ማወቅ ያስፈልገዋል። የማይጠይቅ ሰው ገንዘቡን ያጣል፤ ከገንዘቡም የሚከፋው፥ በስም ብቻ ባለሙያ የሆነው ሰው እንስሳውን ከፊተኛው ሕመሙ ወደ ባሰ ሕመም ማግባቱ ነው።

የሙያው ሥራ ምን እንደ ሆነ

ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደ ተባለ፥ ይህ እንስሳ ለጌታው ያለው ታማኝነት ከማንም የተሰወረ አይደለም። ሌሊት በጎችን ከጅብ፥ ቤትንም ከሌባ ይጠብቃል። በብዙ አገሮች ደግሞ ለፖሊስ ሥራ ያገለግላል፤ ዓይነ ስውራንን ይመራል፤ በፈረሰ ቤት ሥር የተቀበሩ ሰዎችን አሽትቶ ያገኛል። እንዲህ ላለ አገልግሎት የሚሆን ውሻ ለማሠልጠን ብዙ ጊዜና ድካም ስለሚጠይቅ፥ አንድ እግሩ ሲያነክስ ጉዳቱ የውሻው ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ውሻ ቆሞ ሳለ ከክብደቱ ከመቶ 60 ያህሉን በፊት እግሮቹ፥ ከመቶ 40 ያህሉን በኋላ እግሮቹ ይሸከማል። ከአራቱ አንዱ ሲታመም ሸክሙን ወደ ሌሎቹ ያሳልፋል። ባለቤቱም ውሻው በሦስት እግሩ ሲሮጥ አይቶ የዳነ ይመስለዋል። ነገር ግን የታመመው እግር ሥራ በመፍታቱ ጡንቻው ይመነምናል፤ መጋጠሚያው ይደርቃል፤ ጤነኞቹ እግሮችና ወገቡም ከልክ ያለፈውን ሸክም ተሸክመው በተራቸው ይታመማሉ።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ይበቃል። በውሾች ላይ ብዙ ጊዜ ከሚደርሱት ጉዳቶች አንዱ በጉልበት ውስጥ ያለው የፊተኛው ጅማት መበጠስ ነው። ይህ ጅማት የቅልጥሙን አጥንት ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የሚይዝ ነውና፥ በተበጠሰ ጊዜ ውሻው እግሩን አንሥቶ ይቆማል። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ጉልበቱን ያጸናዋል፤ ዳሩ ግን የሐኪሙ ቢላዋ የመነመነውን ጡንቻ አይመልስም፤ መርገጥ የፈራውንም ውሻ አያስረግጠውም። የዚህ ሙያ ሥራ የሚዠምረው ከዚህ ላይ ነው። ባለሙያው በፊተኞቹ ቀኖች በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በጉልበቱ ላይ ያኖራል፤ መጋጠሚያውን በዝግታ ያጥፋል፥ ይዘረጋል፤ ቀጥሎም ውሻውን በማሰሪያ ይዞ ቀስ እያለ ያስኬደዋል። ከዚያም በኋላ እንዲቀመጥና እንዲነሣ፥ ዳገት እንዲወጣ፥ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብለው በተጋደሙ እንጨቶች ላይ እያነሣ እንዲረማመድ ያደርገዋል። የዳሌ መጋጠሚያ ጉድለት ላለባቸው፥ እንደ ዳክስሁንድ ያሉ ጀርባ ረዣዥም ውሾች የአከርካሪያቸው ትራስ መሰል ክፍል ወጥቶ ሲያሽመደምዳቸው፥ ለሸመገሉና ከልክ በላይ ለወፈሩ ውሾችም እንደ ሕመማቸው ዓይነት የተለየ ሥርዓት አላቸው።

ሥራው በግምት የሚሠራ አይደለም። ባለሙያው ጎኒዮሜትር በተባለ የማዕዘን መለኪያ መጋጠሚያው ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍና እንደሚዘረጋ ይለካል። በላብራዶር ዝርያ ውሾች ላይ ተደርጎ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2002 ዓመት በታተመ ጥናት፥ ጤነኛ ጉልበት እስከ 42 ዲግሪ ታጥፎ እስከ 162 ዲግሪ እንደሚዘረጋ ታውቋል። የጭኑም ውፍረት በሜትር ይለካል። ከሳምንት ሳምንት ቍጥሩ ተጽፎ ሲተያይ ውሻው እየዳነ ወይም እየባሰበት መሆኑ ይገለጣል፤ ዓይን ብቻውን ግን ብዙ ጊዜ ያታልላል።

ያለ ዕውቀት የሚሠራው ሥራ የሚያመጣው ጉዳት

«ማሸትና ማስኬድ ማንን ይጐዳል?» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ አነጋገር ከባድ ስሕተት ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚያድነው ነገር በሌላ ጊዜ የሚጐዳ ነውና። ሙቀት የቆየን ድርቀት ያላላል፤ በአዲስ ቍስል ላይ የተደረገ እንደ ሆነ ግን እብጠቱን ያብሰዋል። የሌዘር ብርሃን ሕመምን ለማስታገስ ይሠራበታል፤ ነገር ግን ዓይንን ስለሚጐዳ ባለሙያውም ውሻውም ዓይናቸው መሸፈን አለበት፤ ነቀርሳ ባለበትም ስፍራ ላይ አይደረግም።

ስለ ውሃው ነገር ደግሞ በቍጥር የታወቀ ማስረጃ አለ። በሰፊ የመስተዋት ሣጥን ውስጥ ወለሉ የሚንቀሳቀስ መኪና ተሠርቶ፥ ውሃ ተሞልቶበት ውሻው በውስጡ ይራመዳል፤ ይህም የውሃ ውስጥ ትሬድሚል ይባላል። ውሃው እስከ ቍርጭምጭሚቱ ሲደርስ ውሻው ከክብደቱ ከመቶ 91ዱን ገና ይሸከማል። እስከ ጉልበቱ ሲደርስ ከመቶ 85ቱን ይሸከማል። እስከ ዳሌው ሲደርስ ግን የሚሸከመው ከመቶ 38ቱን ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ይህን ያልተማረ ሰው ውሃውን እስከ ቍርጭምጭሚት ሞልቶ የታመመውን እግር ያሳረፈ ይመስለዋል፤ እግሩ ግን ሸክሙን ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን እንደ ተሸከመ ነው። የውሃው ከፍታ እንደ መድኃኒት መጠን ነውና በልክ መታዘዝ አለበት። ስፌቱ ገና ያልደረቀ ውሻም ወደ ውሃ ቢገባ ቍስሉ ያመረቅዛል፤ ልቡ የደከመም ውሻ በውሃ ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ከሁሉም የሚያስፈራው ያልተመረመረ ማንከስ ነው። በትልልቅ ዝርያ ውሾች ላይ የአጥንት ነቀርሳ አንዳንድ ጊዜ የሚታወቀው በማንከስ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ውሻ የጡንቻ ሕመም ነው ብሎ የሚያስሮጥ ሰው፥ በነቀርሳ የተበላውን አጥንት ይሰብራል። ስለዚህ የዚህ ሙያ ፊተኛው ሕግ፥ አስቀድሞ የእንስሳት ሐኪም ሳይመረምርና የሕመሙን ምክንያት ሳይገልጥ ሥራ አለመዠመር ነው። ይህን ሕግ በፊተኛው ቀን የማያስተምር ትምህርት ቤት ሌላ ምንም ቢያስተምር አይጠቅምም።

ማን ሊማረው እንደሚችል

ወደዚህ ትምህርት የሚገቡት ሰዎች በተለይ ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የእንስሳት ሐኪሙ ነው፤ እርሱ በሽታውንና መድኃኒቱን ያውቃል፥ ነገር ግን እንቅስቃሴን በልክ የማዘዝ ልምድ ያንሰዋል። ሁለተኛው የሰውን አካል በእንቅስቃሴና በማሸት የሚያክመው ፊዚዮቴራፒስት ነው፤ እርሱ የጡንቻንና የመጋጠሚያን ነገር ያውቃል፥ የውሻውን አካል አሠራርና በሽታ ግን እንደ አዲስ መማር አለበት። ሦስተኛው የሐኪሙ ረዳት ነው፤ የዕለት ሥራውን ዘወትር የሚሠራው እርሱ ነው፥ ዳሩ ግን በራሱ ሥልጣን ሕመም ሊሰይም አይችልም። ሥራ ለሠሪው፥ እሾህ ላጣሪው እንደሚባለው ለእያንዳንዱ የሥራው ድርሻ ተለይቶለታል። ደኅና ትምህርት ቤት እነዚህን ለያይቶ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ይሰጣል፤ ያለ ምንም መሠረት የመጣውን ሁሉ ተቀብሎ «በጥቂት ቀን ባለሙያ አደርጋለሁ» የሚለውን ግን መጠርጠር ይገባል።

የአገሮችም ሕግ ልዩ ልዩ ነው። በብሪታንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1966 ዓመት የወጣው የእንስሳት ሐኪሞች ሕግ ሕክምናን ለሐኪሞች ለይቶ ሰጥቷል። በ2015 ዓመት የወጣው ደንብ ደግሞ፥ ሐኪሙ እንስሳውን መርምሮ ካዘዘ፥ ሌላ ሰው በእርሱ መሪነት የፊዚዮቴራፒ ሥራ እንዲሠራ ይፈቅዳል። በአሜሪካ የእያንዳንዱ ግዛት ሕግ ለብቻው ነው፤ እንደ ኮሎራዶና እንደ ኔቫዳ ያሉ ግዛቶች ለሰው ፊዚዮቴራፒስቶች እንስሳትን የሚያክሙበትን ሥርዓት በሕግ ወስነውላቸዋል። እንግዲህ በአንድ አገር የተገኘ ወረቀት በሌላ አገር ሥልጣን አይሆንም፤ የምስክር ወረቀት ዕውቀትን ይመሰክራል እንጂ የሥራ ፈቃድን አይተካም።

ከታወቁት ትምህርት ቤቶች አንዳንዶቹ

በአሜሪካ የቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ ሲ.ሲ.አር.ፒ. የተባለውን የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ተማሪው ትምህርቱን በከፊል በኢንተርኔት ይማራል፤ ከዚያም በአካል ተገኝቶ በውሾች ላይ ይለማመዳል፤ በታወቀ የሕክምና ቤት 40 ሰዓት እየሠራ ይማራል፤ ያከማቸውን 5 ውሾች ታሪክ ጽፎ ያቀርባል፤ በመጨረሻም ይፈተናል። የዚህ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የሆኑት ዳሪል ሚሊስና ዴቪድ ለቪን ከባልደረባቸው ጋራ በ2004 ዓመት ያሳተሙት መጽሐፍ የሙያው መሠረት ከሆኑት መጻሕፍት አንዱ ነው። እንዲሁም ጃኔት ቫን ዳይክ የመሠረቱት የካናይን ሪሃቢሊቴሽን ኢንስቲትዩት ለሐኪሞችና ለፊዚዮቴራፒስቶች ሲ.ሲ.አር.ቲ. የተባለውን ወረቀት የሚሰጠው ትምህርታቸውን ፈጽመው፥ በሥራ ቦታ ተለማምደውና ተፈትነው ሲያልፉ ነው፤ ለሐኪም ረዳቶችም የተለየ ትምህርት አለው።

ከእነዚህ በላይ ያለው የልዩ ሐኪምነት ማዕርግ ነው። የእንስሳት ስፖርት ሕክምናና የአካል ማገገም የአሜሪካ ኮሌጅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ዓመት እውቅና አግኝቷል። ወደዚህ ማዕርግ የሚደርሰው ሐኪም ብቻ ሲሆን፥ ብዙውን ጊዜ በታላላቅ ባለሙያዎች ሥር 3 ዓመት ያህል ሠርቶ ከባድ ፈተና ማለፍ አለበት። በእንግሊዝ አገር ደግሞ እንደ ሃርትፑሪና እንደ ሃርፐር አዳምስ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የእንስሳት ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ያስተምራሉ።

እንግዲህ የጥቂት ቀን ጉባኤ የተካፈለበት ወረቀት፥ በፈተና የተገኘ የምስክር ወረቀትና የልዩ ሐኪምነት ማዕርግ ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከስማቸው በኋላ የሚጻፉት ፊደላት ስለሚመሳሰሉ ግን ያላወቀ ሰው አንዱን በሌላው ይለውጣል።

ከመፈቀዱ በፊት የሚመረመሩ ነገሮች

1ኛ፤ ተማሪው በመምህሩ ዓይን ሥር በሕያው ውሻ ላይ የሚሠራበት ሰዓት ስንት ነው? ንግግር በመስማትና ሥዕል በማየት ብቻ የሚያልቅ ትምህርት ለመዠመሪያ ዕውቀት ይበጃል እንጂ እጅን አያሠለጥንም።

2ኛ፤ ለአንድ መምህርና ለአንድ ውሻ ስንት ተማሪ ይደርሳል? ሃያ ሰው አንዱን ውሻ ከብቦ ቢቆም የሚማሩት ከፊት የቆሙት ብቻ ናቸው።

3ኛ፤ መምህራኑ እነማን ናቸው? ከእነርሱ መካከል የእንስሳት ሐኪምም ፊዚዮቴራፒስትም ሊኖር ይገባል፤ ሙያው ከሁለቱ ዕውቀት የተገኘ ነውና። ዛሬም በሽተኛ ውሾችን የሚያክሙ መሆናቸው መጠየቅ አለበት።

4ኛ፤ ፈተና አለ ወይስ የለም? ሊወድቁበት የማይቻል ትምህርት ላለፈበት ሰው ክብር አይሆንም።

5ኛ፤ ተማሪው ያከማቸውን ውሾች ታሪክ ከነመለኪያቸው ጽፎ እንዲያቀርብ ይገደዳል ወይ? በጽሑፍ የተመለሰ ሥራ ስሕተቱም ልማቱም ይታያል።

6ኛ፤ ጠቅላላ ወጪው ምን ያህል ነው? በማስታወቂያ የሚጻፈው የትምህርቱ ዋጋ ብቻ ነው፤ የመጓጓዣው፥ የማደሪያው፥ የልምምዱ፥ የፈተናው፥ ተማሪው ከሥራው የሚጐድልበትም ጊዜ ሁሉ ተደምሮ መታየት አለበት።

7ኛ፤ ትምህርቱ ስለ መሣሪያ ብቻ ነው ወይስ ስለ እጅ ሥራም? አንዳንዱ ትምህርት ተማሪውን አንድ ፋብሪካ የሚሸጠውን መኪና ወዳድ አድርጎ ይመልሰዋል።

የትምህርቶቹ ሥርዓትና ዋጋ በየጊዜው ስለሚለወጥ፥ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልሱ ከትምህርት ቤቱ ራሱ በጽሑፍ እንዲመጣ ማድረግ ይሻላል። በጽሑፍ ለመመለስ የማይፈልግ ትምህርት ቤት መልሱን ሳይሰጥ መልሷል።

ለኢትዮጵያ የሚስማማው የትኛው እንደ ሆነ

በኢትዮጵያ የእንስሳት ሐኪሞች ትምህርት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1979 ዓመት በደብረ ዘይት፥ ማለት በቢሾፍቱ ከተመሠረተው ፋኵልቲ ጀምሮ እየሰፋ መጥቷል። ከዚያ የወጣ ሐኪም ከላይ ለተነገረው ትምህርት የሚሆን መሠረት አለው። ነገር ግን የሚላክበትን ስፍራ ብቻ ሳይሆን የሚመለስበትንም ስፍራ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። በውሃ ውስጥ ትሬድሚል ብቻ የሠለጠነ ሰው ያ መኪና ወደሌለበት ወረዳ ቢመለስ እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። መለኪያ፥ ማሰሪያ፥ ዳገት፥ የተጋደመ እንጨትና የሠለጠነ እጅ ግን በየትም አገር ይገኛሉ። ስለዚህ እንቅስቃሴን በልክ ማዘዝን፥ መለካትንና መመርመርን የሚያስተምረው ትምህርት፥ በመሣሪያው ብዛት ከሚመካው ይልቅ ለዚህ አገር ይበጃል።

ሁለተኛው ነገር የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዓለም ላይ ይህ በሽታ ከሚይዛቸው ሰዎች ከመቶ 99ኙ የሚለከፉት ከውሻ ነው፤ ምልክቱም ከታየ በኋላ መዳን የለም ለማለት ይቻላል። የዚህ ሙያ ሰው ደግሞ ሕመም ያለበትን ውሻ በየቀኑ የሚነካ፥ ለመነከስም የቀረበ ነው። ስለዚህ ተማሪው ልምምዱን ሳይዠምር ራሱ የመከላከያውን ክትባት መከተብ አለበት፤ የሚያክመውም ውሻ የተከተበ መሆኑን ሳያረጋግጥ አይንካው። የበሽታውን መተላለፍ ለማቆም ከአንድ ስፍራ ውሾች ከመቶ 70ው መከተብ አለባቸው ተብሎ ተወስኗል። የወረዳው ውሾች ሳይከተቡ የመንግሥትን ገንዘብ አስቀድሞ በዚህ ትምህርት ላይ ማውጣት ጣራው ሳይከደን መስኮት እንደ መቀባት ነው። ክትባቱ በተደላደለበት ስፍራ ግን የትምህርቱ ነገር በተራው ሊታሰብ ይገባዋል።

ሦስተኛው፥ ስለ ውሻ የተማረ ሰው በአንድ ጊዜ የበቅሎና የበሬ ባለሙያ አይሆንም። ስለ ሸክም መተላለፍና ስለ ጡንቻ መመንመን የተማረው ለሌሎች እንስሳት ማስተዋልን ይሰጠዋል፤ የእነርሱ አካል አሠራርና ሥራ ግን ሌላ ስለ ሆነ፥ ለጋማ ከብት የተለየ ትምህርት አለ። ማመልከቻ አቅራቢው በወረዳው የሚያክመው በብዛት አህያና በቅሎ ከሆነ፥ ሹሙ የውሻውን ትምህርት ከመፍቀዱ በፊት ይህንኑ ሊያስታውሰው ይገባል።

በመጨረሻም፥ ከትምህርት የተመለሰው ሰው ዕውቀቱን ለሌሎች እንዲያካፍል አስቀድሞ ውል ማግባት መልካም ነው። በወረዳው ካሉት ረዳቶች ሁለት ወይም ሦስት ቢያስተምር፥ ያከማቸውንም ውሾች በመዝገብ ጽፎ ቢያቈይ፥ እርሱ ወደ ሌላ ስፍራ ቢዛወር እንኳ ሙያው ከወረዳው አይወጣም። ለትምህርቱ የወጣው ገንዘብ በከንቱ አለመቅረቱ የሚታወቀው፥ ያነክስ የነበረው ውሻ በመዝገቡ ላይ ከነመለኪያው ተጽፎ፥ በአራት እግሩ ወደ በጎቹ ሲመለስ ነው።